በተልባ የተሣለው ባሕር

የጣልያን መሬት ለኪዎች የመጡት በጥር ነው። ሦስት እግር ያለው መሣሪያቸውን መንገድ ላይ አቁመው፣ በአንድ ዓይናቸው እያዩ፣ ከዑራኤል ቤተ ክርስቲያን ወዲህ ያለውን ሰፈር ሲለኩ ሰነበቱ። ከዚያ ጫፉ በኖራ የተቀባ ችካል እየተከሉ ወደ እኛ መጡ። አንዱን ደጃፌ ላይ ተከሉት።

አብሯቸው ከመረብ ማዶ የመጣ አስተርጓሚ ነበር። «ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት።

«መንገድ ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ሊሠራ ነው፤ መንገዱ በዚህ ያልፋል።»

«እኛስ?»

«እናንተ ወደ አዲሱ ገበያ በኩል ትሄዳላችሁ። ክረምት ሳይገባ።»

ዛሬ ሰፈሩ ካዛንቺስ የሚባለው በነዚያ ቤቶች ነው። ያን ጊዜ ገና አልተሠሩም ነበር። የነበረው የኛ ቤት ነው፤ ባለቤቴ በገዛ እጁ ጭቃ አቡክቶ የሠራት የሣር ክዳን ቤት። እሱ ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። የቀሩኝ የአራት ዓመት ልጄ፣ የባለቤቴ አባትና ያቺ ቤት ነበሩ። የዕለት እንጀራችንም የሚገኘው ከደጃፏ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሥራ አልጨርስ አልኩ። ሥራ ይዤ ተነሥቼ ችካሉን አየዋለሁ፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ፤ ደግሞ እነሣለሁ።

ንግዳችን ሥዕል ነበር። አማቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። ጣልያን ከገባ ወዲህ ሥዕል የሚያሠራ ደብር ስለጠፋ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ነበር። አንድ ቀን ለልጄ መጫወቻ ይሁን ብለው በፉርኖ ዱቄት ከረጢት ቁራጭ ላይ አህያና ነጋዴ ሣሉላት። በደጃፍ የሚያልፍ ወታደር አይቶ ቆመ። ሥዕሉን አነሣ፤ ፊቱ በራ፤ ገንዘብ አስቀምጦ ሄደ። ልጄ አለቀሰች። በማግሥቱ ወታደሩ ጓደኞቹን ይዞ መጣ።

ወታደሮቹ የሚፈልጉት ያለፉበትን አገር ሥዕል ለእናቶቻቸውና ለሚስቶቻቸው መላክ ነበር። የጎንደርን ግንብ፣ የጣናን ታንኳ፣ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ፣ የገበያ ቀንን። አማቴ ግማሹን አይተውት አያውቁም። ያየ ሰው ፈልገው፣ ጠይቀው፣ ይሥሉታል። የሚጸለይበትን ሥዕል ግን ለገበያ አላወጡም። «ጻድቃን ስንቅ አይሆኑም» ይሉ ነበር። እኔም በዚህ ልቤ ያርፍ ነበር።

በደጃፌ መደብ ላይ ከሥዕሎቹ ጎን የቀንድ ዋንጫ፣ ጭራና የጎረቤቴን ስፌት እደረድር ነበር። ጎረቤቴ የወሎ ሙስሊም ናት። ባሏ በቅሎ ጭኖ ሲነግድ ወር ሁለት ወር ይቆያል። እሷ በጣት የሚንጠለጠሉ ትንንሽ መሶቦች ትሰፋለች፤ ጣልያኖች ይወዱላት ነበር። ቤታችን ጎን ለጎን ነው። በመካከል አንድ አጥር አለ፤ አጥሩ ላይ የወይራ ዛፍ አለ፤ የሁለታችንም ማድ ቤት ከወዲህና ከወዲያ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። እሷ ወሬ ትወዳለች። እኔ አልችልበትም።

«አንቺ ቃልን እንደ አሞሌ ትቆጥቢያለሽ» ትለኛለች። «ለማን ልታወርሽው ነው?»

የለኪዎቹ አለቃ ወደ መደቤ የመጣው ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው። ፊቱ በፀሐይ የተላጠ፣ ጫማው አቧራ የለበሰ ሰው ነበር። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። ከአስተርጓሚው ጋር ብዙ ተነጋገረ።

«ትልቅ ሥዕል ይፈልጋል» አለኝ አስተርጓሚው። «ከመርከብ ከወረደበት ከምጽዋ ጀምሮ አዲስ አበባ እስኪደርስ ያለፈበትን ሁሉ ባንድ ጨርቅ ላይ። በየቦታው እሱ በበቅሎ ሆኖ ይታይ። ለእናቱ ነው። የነሱ ፋሲካ እንዳለፈ ወደ አገሩ ይሄዳል።»

ዓይኔ ወደ ችካሉ ሄደ። አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መስመሩን ወረቀት ላይ የሚያሰምረው እሱ ነው። ሥዕሉን ካደረሳችሁለት ችካሉን ከደጃፍሽ ያነሣልሻል። ብሏል።»

እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ያን ዓመት የነሱ ፋሲካ ከኛ ከወር በላይ ቀድሞ ይውል ነበር፤ እኛ ገና ጾም ላይ ሳለን ማለት ነው። ያ ምን እንደሚያመጣ ያን ዕለት አላሰብኩም።

አማቴን ያስጨነቃቸው ባሕሩ ነበር።

«ባሕርን የት አውቄው ነው ልጄ?»

«ዮናስን ሥለዋል እኮ አባባ።»

«የዮናስ ባሕር የቁጣ ባሕር ነው።»

«ይኼም በሰላም አልመጣም።»

ከት ብለው ሳቁ። ባሕሩን የዮናስን ባሕር አደረጉት፤ ዓሣ አንበሪውን ብቻ ተዉት። መርከቡ የኖኅ መርከብ ሆኖ ጢስ መውጫ ተጨመረለት። በሰፉት ከረጢት ላይ መጀመሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ በከሰል ነደፉት። አለቃው ንድፉን ሊያይ መጥቶ ባሕሩን ከላይ፣ ከተራሮቹ ሁሉ በላይ ሲያገኘው ግራ ገባው።

«ባሕር እንዴት ከተራራ በላይ ይሆናል ይላል» አለ አስተርጓሚው።

«ጉዞው የጀመረው ከየት ነው?» አሉ አማቴ።

«ከባሕር።»

«እንግዲያ ከላይ ነው። ታሪክ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል።»

አለቃው ሲነገረው ራሱን ነቀነቀና ሳቀ። አማቴ ሥራ ጀመሩ።

አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አማቴ ቀለም የሚበጠብጡት በእንቁላል አስኳል ነው። ቀለሙ ጨርቁን የሚይዘው በሱ ነው። ብሩሻቸው ከፍየል ፀጉር የታሰረ ሲሆን፣ ቀጭን መስመር ሲያወጡ በከንፈራቸው እያሾሉት ነው። በጾም ወራት ግን እንቁላል ከንፈራቸውን አይነካም። ስለዚህ ተልባ አፍልተው፣ አጥልለው፣ በዝልግልግ ውኃው ይበጠብጣሉ። አስተማሪያቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። በተልባ የሣሏቸው ሥዕሎች በየአድባራቱ ግድግዳ ላይ አሉ፤ አንዱም አልደበዘዘም። የኛ ንግድ ግን የተጀመረው ካለፈው ፋሲካ በኋላ ነው፤ በፍልሰታና በገና ጾም ቀድመው የሣሉትን ብቻ ሸጠናል። በጨርቅ ላይ፣ በጾም ቀለም፣ ሠርተን አናውቅም ነበር።

ሥዕሉ አልቆ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ የበልግ ዝናብ ጣለ። ከሣር ክዳኑ ውስጥ ጠብ ያለ ውኃ የምጽዋ ባሕር ላይ አረፈ። ቀና ብዬ ሳይ ባሕሩ ይወርዳል። አስመራ ላይ ወረደ፤ ከዚያ ተራሮቹን ይዞ ወረደ። በበቅሎ ያለው ትንሹ ጣልያን ፊቱ ጠፋ።

ጮኽኩ። አማቴ ተነሥተው መጡ። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ዳር ላይ ያለች ዛፍ ነኩ። ዛፏ በጣታቸው ላይ መጣች።

«ቤተ መቅደስ ውስጥ ዝናብ የለም» አሉ። «ሥዕል ባለበት ይኖራል፤ ሰው ነው ተጉዞ የሚመጣለት። ሥዕል ራሱ መንገድ ሲሄድ አይቼ አላውቅም።»

በላዩ እንቁላል ቢቀባ ይይዝ እንደሆነ ብለው ጥግ ላይ ሞከሩት። ከሥሩ ያለው ቀለም ተነሥቶ ጭቃ ሆነ። ጨርቁን አጥቦ በእንቁላል እንደገና ከመሣል በቀር መንገድ አልነበረም። ሰውየው የሚሄድበት ጊዜ ቀርቧል። እሳቸው ደግሞ ብሩሹን በከንፈር ካላሾሉ መስመር አይወጣላቸውም። በጣት ሞከሩ፤ ፀጉሩ ተበተነ። በጨርቅ ሞከሩ፤ የበቅሎው እግር እንደ ግንድ ወፈረ። ለልጄ ብንሰጣት ብሩሹን አኘከችው።

ጾሙን ይፍቱ አላልኳቸውም። እሳቸውም አላነሡትም። ብድግ ብዬ ወጣሁ፤ ችካሉን አየሁ፤ ተመልሼ ገባሁ።

ጎረቤቴ ጩኸቴን ሰምታ መጥታ ነበር። ነገሩን አማቴ ሲነግሯት መጀመሪያ ዓይኗን አፈጠጠች፤ ከዚያ መሬት ተቀምጣ ሳቀች።

«ያ አላህ! እንቁላል ብቻ ነው ችግሩ?»

«ጾም ነው ሴትዮ» አሉ አማቴ ተቆጥተው።

«የናንተ ጾም ነዋ! ሥጋ ቢሆን የማን እጅ አረደው ይባላል። እንቁላል አይታረድ፣ አይባረክ። አምጡት ብሩሹን።»

አማቴ ወደኔ አዩ። እኔ ወደሷ አየሁ። አጠገባቸው ተቀምጣ እጇን ዘርግታለች።

«ጣዖት ግን አታሥሉኝም» አለች።

«ተራራ ነው፣ ዛፍ ነው፣ በቅሎ ነው።»

«በቅሎ ይሁን። ባሌ በቅሎ ነው የሚወደው፤ ከኔም በላይ።»

እንዲህ ሆነ። እሳቸው ብሩሹን ቀለም ያስነኩና ይሰጧታል፤ እሷ በከንፈሯ አሹላ ትመልስላቸዋለች፤ እሳቸው አንድ መስመር ይስባሉ፤ ደግሞ ይሰጧታል። ከታች ጀምረው ወደ ላይ ወጡ፤ ባሕሩን የፈሩት ይመስለኛል። ሙሉ ቀን እየተጨቃጨቁ ይሠሩ ነበር።

«አባ፣ ይኼ ቡኒ አፈር አፈር ይላል።»

«አፈር ነው። ከጓሮሽ ነው የቆፈርኩት።»

«ቢጫው ይሻላል። ቢጫ ያብዙ።»

«ጣርማ በርን በቢጫ ልሣለው ነው?»

«ማን አየው? እርስዎም አላዩት።»

እኔ ከመደቤና ከቤቱ መካከል እመላለሳለሁ። ገዢ ሲመጣ የኛ ፋሲካ ማግሥት ይምጣ እያልኩ እመልሳለሁ፤ በጾም ቀለም የተሣለ እንዳልሸጥለት። ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ሮጬ ገብቼ ክዳኑን አያለሁ።

አንድ ቀን አስተርጓሚው ብቻውን መጣ። ሥዕሉ መድረሱን ጠየቀ። ሊደርስ ነው አልኩት።

«እንግዲህ ደስ ይበልሽ» አለኝ። «ወረቀቱን አይቼዋለሁ። መስመሩ ከደጃፍሽ ተነሥቶ ከወይራው ወዲያ ሆኗል።»

ወደ ወይራው አየሁ። ከወይራው ወዲያ የሚታየው የጎረቤቴ ደጃፍ ነው።

«ወዲያ የሰው ቤት ነው» አልኩት።

«መንገድ ሰማይ ላይ አይሠራም እህቴ። በአንዱ ማለፉ አይቀርም።»

ከቤት ውስጥ የጎረቤቴ ሳቅ ይሰማ ነበር።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ዑራኤል ሄጄ አስቀደስኩ። ምን ብዬ እንደምለምን አጣሁ። ቤቴን ጠብቅልኝ ብል፣ የሷን አፍርስ ማለት ነው። የሷን ጠብቅ ብል፣ ልጄንና አንድ ሽማግሌ ይዤ የት እገባለሁ? ከግንቡ ሥር ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ጸበሉን ጠጥቶ ሲሄድ እኔ እዚያው ነበርኩ። የተረዳሁት፣ ዝም ብዬ ብሩሽ ስታሾል ላያት እንደማልችል ብቻ ነው።

ሰኞ መጥታ ተቀመጠች። የቀረው ባሕሩና መርከቡ ነበር። ሰማያዊውን ብሩሽ ከንፈሯ ላይ እንዳደረገች ነገርኳት። በአጭሩ ነገርኳት፤ ሌላ አላውቅበትም።

ብሩሹን ከአፏ አወጣች።

«እንግዲያ እስካሁን በገዛ ምራቄ ቤቴን ሳፈርስ ነበራ።»

አማቴ እጃቸው ወረደ። እሷ ብሩሹን ሳህኑ ላይ አጋደመች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ተነሥታ ወጣች። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉኝ አማቴ።

ተነሥቼ ወጣሁ።

ያን ቀን ሁሉ ግቢውን ስዞር ዋልኩ። ከደጃፌ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ ደጃፌ። የሷን በር አያለሁ፤ ተዘግቷል። ማድ ቤቴን አያለሁ፤ ከአጥሩ ወዲያ የሷን ማድ ቤት አያለሁ፤ በመካከል ወይራውን አያለሁ። ስመላለስ ቆይቼ እግሬ ቆመ። ሁለቱ ማድ ቤቶችና አጥሩ የያዙት ቦታ አንድ መኪና ያሳልፋል።

ጠዋት እሷ ሳትጠራ መጣች። ፊቷ እንደተቋጠረ ነው።

«ለአንቺ ብዬ አይደለም» አለችኝ። «ሽማግሌው ባሕሩን ሳይጨርሱ ቢሞቱ በኔ ይላከካል።»

«ገና አልሞትም» አሉ አማቴ።

«ያንን አላህ ያውቃል። ብሩሹን ያቀብሉኝ።»

ያሰብኩትን ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «አስተርጓሚውን እኔ ላናግረው?» አለች።

«አይ። እኔ እናገራለሁ።»

«አንቺ?»

«እኔ።»

«እንግዲህ አሞሌሽን ዛሬ አውጪው።»

ባሕሩን ያን ቀን ጨረሱ። «ይኼ ሰማያዊ ይመራል፤ ምን አድርገውበታል?» ስትል፣ አማቴ፣ «ባሕር ነዋ፤ ጨው አለው» ሲሉ ሰማኋቸው። ሲደርቅ ውኃ ረጨሁበት። አልተንቀሳቀሰም። አማተብኩ።

አለቃው ከነሱ ፋሲካ በኋላ ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። ሥዕሉን ደጃፍ ላይ ዘረጋንለት። ተንበርክኮ አየው። በየቦታው ራሱን በበቅሎ ሲያገኝ በጣቱ እየነካ እንደ ሕፃን ይስቅ ነበር። «ቤሎ፣ ቤሎ» አለ፤ አማረ ማለቱ ነው። ከመርከቡ ላይ ደርሶ ጣቱን ሳያነሣ ቆየ። እናቱን ያሰበ መሰለኝ።

ጠቅልዬ ሰጠሁት። ከሰጠሁት በኋላ ነው የተናገርኩት። ሥዕሉ የእናቱ ነው፤ እሷ ምን አጠፋች።

«ንገረው» አልኩት አስተርጓሚውን። «ሥዕሉን የሠራው የኔ ቤት ብቻ አይደለም። ከወይራው ወዲያ ያለው ቤትም ነው። መስመሩ በወይራው ላይ ይለፍ፤ ዛፉንና የሁለታችንን ማድ ቤት ይውሰድ። ቤቶቹን ይተውልን። ይህ የማይሆን ከሆነ ችካሉን ወደ ደጃፌ ይመልሰው።»

አስተርጓሚው ደነገጠ። «ይህን አልነግረውም። አብደሻል? የተሰጠሽን ያዢ።»

«ንገረው።»

ልጄ ቀሚሴን ይዛለች። አስተርጓሚው ሰውየውን አየ፤ እኔን አየ፤ ቀስ ብሎ ተናገረ። አለቃው ፊቱ ተለወጠ። አንድ ነገር ጠየቀ።

«ሙስሊሟ ሥዕል ምን አገባት ይላል።»

ጎረቤቴ ከበሩ ጥግ ወጣች። ምንም አልተናገረችም፤ በሕይወቴ እንዲያ ዝም ስትል አይቻት አላውቅም። ብሩሹን ከአማቴ ሳህን አንሥታ ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ ስባ አወጣችው፤ እንደ መርፌ ሹል ሆኖ ለሰውየው አሳየችው። ከንፈሯ ላይ ሰማያዊ ቀረ። አማቴ ስለ ጾሙና ስለ እንቁላሉ ለአስተርጓሚው አስረዱት።

አለቃው አልሳቀም። ሥዕሉን ብብቱ ሥር ይዞ ወደ አጥሩ ሄደ። ወይራውን ዞረው። ከማድ ቤቴ ግድግዳ እስከ ማድ ቤቷ ግድግዳ በእግሩ ለካ። አንድ ቃል ተናገረ።

«ይጠባል ይላል» አለ አስተርጓሚው።

«ይጠባል» አልኩ። «ግን ያልፋል።»

እሺም እንቢም ሳይል ሄደ። በሳምንቱ ወደ አገሩ መሄዱን ሰማን። ችካሉ ደጃፌ ላይ እንደተተከለ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉ የከፋው ነው። የማወቂያ መንገድ አልነበረንም። ካሚዮን በመጣ ቁጥር እኔ ከዚህ፣ እሷ ከዚያ ብቅ እንላለን። ካሚዮኑ ያልፋል፤ ተያይተን እንገባለን። እቃዬን ሁለት ጊዜ አሰርኩ፤ ሁለት ጊዜ ፈታሁ። እሷ ለባሏ በመንገደኛ መልእክት ላከች፤ ምን እንዳለችው አልጠየቅኋትም። አማቴ ዳዊታቸውን ከጠዋት እስከ ማታ ይደግማሉ። እኔ ስግደት ጀምሬ ቁጥሩ ይጠፋኛል።

ሠራተኞቹ የመጡት በሆሳዕና ሳምንት ነው። ሌላ ጣልያን ወረቀት ይዞ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ደጃፌ ደርሶ ችካሉን አስነቀለ። ልቤ ወደሷ ቤት ሮጠ። እሷ በሯ ላይ ቆማለች፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ሰውየው አጥሩ ጋ ደረሰ። ወረቀቱን አየ፤ ወይራውን አየ። መጥረቢያ አስመጣ።

ወይራው ሲወድቅ ሁለታችንም አለቀስን። ያለቀስነው ለዛፉ ብቻ አይደለም። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ለዚያም ጣልያን እናቱን በደኅና ያገናኘው ብዬ ጸልያለሁ። ሥዕሉ ይድረሳት አይድረሳት አላወቅሁም። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ጦርነት መጣ፤ ቤቶቹም ግማሾቹ ሳያልቁ ቀሩ።

ማድ ቤቶቹን እንጨታቸው እንዳይወሰድብን ራሳችን አፈረስናቸው። የሁለታችን እንጨት ለአንድ ማድ ቤት ብቻ በቃ። ከኔ በኩል ቦታ ስለነበረ ከኔ በኩል ሠራነው። ሁለት ምድጃ አደረግንበት፤ የሥጋ ድስት ለየብቻ ነው። በሩ ወደየት ይሁን በሚለው ሁለት ቀን ተጣላን። እሷ አሸነፈች፤ ወደ መንገዱ ሆነ።

መንገዱ አጥሩ በነበረበት በመካከላችን ያልፋል። ሲሚንቶ የጫኑ ካሚዮኖች ግድግዳችንን እየታከኩ ይበሩበታል። እሷ ድስቷን ይዛ ከወዲያ ትቆማለች።

«መኪና አለ?» ትለኛለች።

ወደ ላይ አያለሁ፤ ወደ ታች አያለሁ፤ ደግሞ ወደ ላይ አያለሁ።

«የለም። ቶሎ ነይ።»